በዳር የቆመ ሰው ዕዳ

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አበው። ብሂሉ የተገኘው ባሕር ከሌለው ከደጋው አገር ስለ ሆነ የሚናገረው ስለ ወንዝ ነው። በክረምት መንገደኛው ከወንዝ ይደርሳል፤ ውኃው ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው ደስ ይለዋል፤ ጉልበቱን ሲደርስ ከባልንጀራው ጋራ ይሳሳቃል፤ ወገቡን ሲይዘው ግን መመለሻው ጠፍቶበታል። እኛም ይህን ብሂል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው፣ ካደግንም በኋላ ለሌሎች ስንናገረው ኖረናል። ትርጓሜው በሚገባ የተገለጠልን ግን ባለፈው ሐምሌ፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን፣ ከሮማ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በኦስትያ የባሕር ዳርቻ ነው።

የዚያን ዕለት ነገር ለመጻፍ የተነሣነው ወሬ ለማብዛት አይደለም። ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀን ስላለ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ በውኃ ውስጥ ላለ ሰው፣ በዳር የቆመ ሰው ዕዳው ምንድር ነው? ዕዳው መዝለል ነውን ወይስ ማወቅ? በጎ ፈቃድስ ብቻውን ይበቃልን?

ጉዞው የተነሣው ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ነው። ሮማን የሚያውቁ አንባብያን እንደሚያስታውሱት ይህ አደባባይ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢያስኬድ ነው። በጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ስሙን ያገኘው በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ከራስ አሉላ ሠራዊት ጋራ ተዋግተው አብዛኞቹ ከወደቁት 500 ያህል የኢጣልያ ወታደሮች ነው። ስለዚህ የእኛ ስደተኛ ሻንጣውን ይዞ ከባቡር ሲወርድ አስቀድሞ የሚረግጠው የአባቶቹን ታሪክ ነው። በዚያ ሰፈር የአገራችን ሰው ለቀጠሮ፣ ለጨዋታና ለሥራ ፍለጋ ሲገናኝ ኖሯል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋትም 11 ሆነን ተገናኘን፤ ወጣቶች፣ ሁለት እናቶች ከልጆቻቸው ጋራ፣ በዕድሜም ከሁሉ የምንበልጠው እኛ ነበርን። እናቶች ድፎ ዳቦና በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ ይዘዋል። ከፒራሚዴ በሚነሣው ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝን።

ኦስትያ ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንግዳ አይደለችም። የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ በ387 እ.ኤ.አ. ወደ አፍሪቃ የሚመልሳትን መርከብ ስትጠብቅ ያረፈችው በዚያች ወደብ ነው። አገሯን ሳታይ በስደት ምድር የተቀበረች እናት ናትና ታሪኳ ለስደተኛ ጆሮ ይጥማል። ይህንኑ በባቡር ውስጥ ለወጣቶቹ ተረክንላቸው፤ እነርሱም በጨዋነት አዳመጡን። ከ1600 ዓመት በፊት በዚያች ወደብ የሆነውን ለመናገር አንደበታችን አልታሰረም ነበር። የታሰረው በኋላ ነው።

ከዳርቻው ስንደርስ ነፋስ ነበር። በረጅም እንጨት ላይ ቀይ ሰንደቅ ይውለበለባል። በኢጣልያ የባሕር ዳርቻ ቀይ ሰንደቅ ከተሰቀለ ወደ ውኃው መግባት አደገኛ ነው ማለት ነው። እኛ በዚህ አገር ከ30 ዓመት በላይ ስለ ኖርን ይህን እናውቃለን። ሰንደቁንም አየነው። ዳሩ ግን ወጣቶቹ ሳምንቱን ሙሉ የደከሙ ናቸው፤ በስንት ጊዜ አንድ ቀን ያገኙትን ደስታ ማደፍረስ ከበደን። «ከዳር አይርቁም» አልን በልባችን። ዝምም አልን።

ከወጣቶቹ አንዱ ከሊቢያ በጀልባ የተሻገረ ነው፤ ዋና አያውቅም። ባሕርን የሚያውቀው በሌሊትና በጭንቅ ነበር፤ በቀን ብርሃን፣ ለደስታ ብሎ ሲገባበት ግን ያ የመጀመሪያው ነው። በግራና በቀኝ ማዕበሉ ነጭ ዐረፋ እያነሣ ይሰበራል፤ መካከሉ ላይ ግን ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ ውኃ ነበር። እርሱም እንደ ማንኛውም የዋህ ሰው ጸጥ ያለውን መረጠ። ውኃው ወገቡ ላይ ሳለ እጁን እያወዛወዘልን ይሥቅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እግሩ መሬት አጣ፤ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ወደ ኋላው ሲሄድ አየነው።

ጓደኛው የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ጣና ያሳደገው ዋናተኛ። ልብሱን ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። ደረሰበትም፤ ነገር ግን «ጎርፍ የወሰደው ሰው ዐረፋ ይጨብጣል» እንደሚባለው ሁሉ የሚሰጥመው ልጅ አንገቱን አንቆ ያዘው፤ ሁለቱም ባንድነት ይወርዱ ጀመር። እናቶች ጮኹ። እኛ ባለንበት ደርቀን ቀረን። በመጨረሻ የዳርቻው ጠባቂ «ሳልቫታጆ» የሚል ጽሕፈት ያለባትን ቀይ ታንኳ እየቀዘፈ ደረሰና ሁለቱንም ጎኗን አስይዞ አወጣቸው። አሸዋው ላይ ካስተኛቸው በኋላ፣ «አንድ ሰው ላወጣ ስሄድ ሁለት አደረጋችሁብኝ» አለን። ቀጥሎም አንድ ቃል ሳይጨምር ጣቱን ወደ ቀዩ ሰንደቅ ዘረጋ።

የዚህ ዓይነቱ ውኃ ጠባይ ለደጋ ሰው እንግዳ ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። ማዕበል ያለ ማቋረጥ ውኃ ወደ ዳር ያመጣል። የመጣው ውኃ ደግሞ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ በአሸዋው ክምር መካከል ክፍተት ባገኘበት ሥፍራ ተሰብስቦ እንደ ወንዝ ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። ወንዙ የሚያልፍበት ሥፍራ ጠለቅ ያለ ስለ ሆነ ማዕበል እምብዛም አይሰበርበትም፤ ጸጥ ብሎ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ይህ ወራጅ ሰውን ወደ ታች አይስብም፤ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ። ሲበረታ የሠለጠነ ዋናተኛ እንኳ ፊት ለፊት አይቋቋመውም። ሰውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የውኃው ኃይል ብቻ ሳይሆን ከውኃው ጋራ የሚደረገው ግብግብ ነው፤ ሰውየው ወደ ወጣበት ዳር በቀጥታ ለመመለስ ሲታገል ጉልበቱ ያልቃል። መውጫው በጀርባ ተንሳፎ ትንፋሽን መሰብሰብ፣ ከዚያም ከዳሩ ጋራ ጎን ለጎን ዋኝቶ ከወራጁ ከወጡ በኋላ መመለስ ነው። የጣናው ልጅ ዋና ያውቃል፤ ይህን ግን አያውቅም ነበር፤ ጣና እንዲህ ያለውን ነገር አላስተማረውምና።

ማታ ወደ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ተመልሰን ከዛፎቹ ሥር ስንቀመጥ ክርክር ተነሣ። አንደኛው፣ «ይህ ልጅ ጀግና ነው፤ ነፍሱን ስለ ባልንጀራው አሳልፎ ሰጥቷል» አለ። ከእናቶች አንዲቱ ግን ዕንባዋ ሳይደርቅ፣ «የሁለት እናቶችን ቤት ሊያጨልም ነበር፤ ይህ ምን ጀግንነት ነው?» አለች። ሌላው ጴጥሮስን አነሣ፤ «እርሱስ ከታንኳዋ ወርዶ በውኃ ላይ የሄደው መዝኖ ነውን?» አለ። «ጴጥሮስማ ጌታው ጠርቶት ነው የወረደው፤ ደግሞም ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ባሕሩን ያውቀዋል» ብላ መለሰችለት። ሁለቱ ወጣቶች ጋቢ ተከናንበው አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

እኛ በዚያ ማታ ፍርድ እንድንሰጥ ተጠየቅን። አርስጣጣሊስን ጠቀስን፤ ጀግንነት በፍርሃትና በግብታዊነት መካከል የቆመ ምግባር መሆኑን ተናገርን። የግብጽ በረሃ አበው ከጾምና ከትጋት ሁሉ ማስተዋልን እንዳስቀደሙ፣ ማስተዋል የሌለበት ተጋድሎ ተጋዳዩን ራሱን እንደሚጥለው አስታወስን። ንግግሩ መልካም ነበረ፤ ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ ነገር ይሰቀጥጠን ነበር። የተከራከርንበት ሰው ሳያውቅ የዘለለው ነው፤ እያወቀ ዝም ስላለው ሰው ግን ማንም አልጠየቀም።

ይህን ነገር በሚገባ ለመመርመር ከራሳችን ወገን ታሪክ ምሳሌ አይጠፋም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ጠልፈው ወደ አውስትራልያ እንዲበር አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢነግራቸው አልሰሙትም። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ሲጠፉ፣ ከረዳቱ ከዮናስ መኩሪያ ጋራ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴቶች፣ በአንድ የመዝናኛ ዳርቻ አጠገብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ።

ከዚያ አደጋ ሁለት ነገሮች ከአእምሮ አይወጡም። አንደኛው ይህ ነው፦ ብዙ መንገደኞች የተሰጣቸውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፉት። ውኃው ሲገባ ሰደርያው ወደ ጣሪያው አነሣቸው፤ ጎንበስ ብለው በበሩ መውጣት አልቻሉም። እንዲያድናቸው የተሰጣቸው ነገር ያለ ጊዜው ስለ ተነፋ አሰራቸው። ይህን ስንል ሙታንን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ መዝኖ የሚሠራ ማን ነው? የምንለው ግን፣ የማዳን መሣሪያ እንኳ ጊዜና ሥርዓት እንዳለው፣ ይህም የሚታወቀው ውኃው ከመግባቱ በፊት እንጂ በኋላ አለመሆኑን ነው።

ሁለተኛው በዳር ስለ ነበሩት ሰዎች ነው። በዚያ ዳርቻ ቅዳሜያቸውን የሚያሳልፉ እንግዶች፣ የባሕር ጠላቂዎችና ለዕረፍት የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት ሰዎች በጀልባ እየገቡ የተረፉትን አወጡ፤ ሐኪሞቹም ቁስለኞችን ተቀበሉ። እነዚህ ሰዎች አልዘለሉም፤ ጀልባ የነበረው ጀልባውን፣ ጥበብ የነበረው ጥበቡን አመጣ እንጂ። በዚያ አውሮፕላን ከሞቱት አንዱ መሐመድ አሚን ነው፤ በ1977 ዓ.ም. በኮረም ያለውን ረኃብ በካሜራው ቀርጾ ለዓለም ያሳየ ኬንያዊ። እርሱም የሚሰጥመውን ሕዝብ በእጁ ጎትቶ አላወጣም፤ በዳር ቆሞ ለነበረው ዓለም ግን «እነሆ፣ ተመልከቱ» ብሏል። ማየትና ማሳየት ከቶ ትንሽ ሥራ አይደለም።

መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ በኢጣልያይቱ ደሴት በላምፔዱዛ አቅራቢያ፣ ከአምስት መቶ በላይ ሰው የጫነች፣ አብዛኞቹ መንገደኞቿ ኤርትራውያን የሆኑ መርከብ ሰጠመች። ሞተሯ ቆሞ ስለ ነበር ከዳር የሚያያቸው ቢያገኙ ብለው በብርድ ልብስ ላይ እሳት ለኮሱ። እሳቱ ሲበረታ ሰዉ ደንግጦ ወደ አንድ ወገን ተገፋ፤ መርከቧም ተገለበጠች። 368 ሰዎች አለቁ፤ 155 ተረፉ። በዚያች ሌሊት ቪቶ ፊዮሪኖ የሚባል ሰው ከሰባት ወዳጆቹ ጋራ በትንሽ ጀልባው ለመዝናናት ወጥቶ ባሕር ላይ አድሮ ነበር። ሲነጋ የአሞራ ጩኸት የመሰላቸው ድምፅ የሰው ጩኸት ሆኖ አገኙት። ለጥቂት ሰዎች በተሠራችው ጀልባ 47 ሰዎችን አወጡ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊቃወመን ይችላል፦ «እነዚህ ስምንት ሰዎች የማዳን ትምህርት የተማሩ አልነበሩም። ሰው ሁሉ አስቀድሞ ልማር፣ አስቀድሞ ልመዝን ቢል ፍቅር ወደ ሒሳብ ይለወጣል፤ ዋና አላውቅም ማለትም የፈሪ ሁሉ መሸሸጊያ ይሆናል።» ተቃውሞው እውነት አለበት፤ እኛንም የሚነካ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ዕዳ አለብን ወይስ የለብንም የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዕዳውን በምን እንክፈለው የሚለው ሌላ ነው። ለመጀመሪያው መልሱ አንድ ነው፤ በዳር የቆመ ሰው ሁሉ ባለ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ግን እንደ ሰዉ ዐቅም ይለያያል፤ ጀልባ ያለው በጀልባው፣ ገመድ ያለው በገመዱ፣ ዓይን ብቻ ያለውም በዓይኑ ይከፍላል።

ዋና የማያውቅ ሰው እንኳ በእጁ ብዙ ነገር አለ። ጠባቂውን መጥራት ይችላል። የሚሰጥመው ሰው ከዓይን እንዳይጠፋ ጣቱን ዘርግቶ ማሳየት ይችላል። የሚንሳፈፍ ነገር፣ የታሸገ ባዶ ጀሪካንም ቢሆን፣ ሊወረውር ይችላል። «አትታገል፣ ተንሳፈፍ» ብሎ መጮኽ ይችላል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ማንም ሳይገባ፣ ገና ሁሉም ደረቅ መሬት ላይ ሳለ፣ አንድ ቃል መናገር ይችላል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ጉልበት አይጠይቅም። የሚያስከፍለው ጥቂት ቅሬታን ብቻ ነው። እኛም ያጎደልነው ይህንኑ ነው።

ዳር ደግሞ በባሕር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በዚያው በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ፣ በኩርታቶኔ መንገድ ማዕዘን ላይ አንድ ትልቅ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹ በሕግ የጥገኝነት ፈቃድ ያገኙ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሕንፃውን ይዘው ይኖሩበት ነበር። ነሐሴ 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር ዕለት፣ 800 ያህል ነዋሪዎች እንዲወጡ ተደረገ። መግቢያ ያጡት በአደባባዩ ላይ ዕቃቸውን ይዘው ያድሩ ጀመር። ነሐሴ 18 ቀን ማለዳ የጸጥታ ኃይሎች ውኃ በሚረጭ ተሽከርካሪ በተኑአቸው። ባሕር ያላሰጠማቸው ሰዎች በከተማ መካከል በውኃ ተመቱ። የሕንፃው ባለቤትም መብት አለው፤ ከተማውም ሕግ አለው፤ በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ስናልፍ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ጣልያንኛ አንብበን የምናውቅ ሰዎች፣ ለነዚያ ቤተሰቦች ምን ነገርናቸው? ማመልከቻ ለመጻፍ ብዕራችንን አነሣንን? ያ አደባባይ ያን ጊዜ ባሕር ነበር፤ እኛም በዳር ቆመን ነበር።

በዚህ ጽሕፈት «እኛ» እያልን መጻፋችን የቆየ የጸሐፊዎች ልማድ ነው። ዳሩ ግን ጥፋትን ለብዙዎች አካፍሎ ማቅለያ እንዳይሆንብን እንፈራለን። በኦስትያ ቀዩን ሰንደቅ አይቶ ዝም ያለው ይህን የሚጽፈው እጅ ባለቤት ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ወጣቶች በዚያው አደባባይ አገኘናቸው። ወደ ውኃው የገባውን ልጅ ለብቻው ጠርተን፣ «ልጄ፣ ሰንደቁን አይተን ነበር፤ ትርጉሙንም እናውቅ ነበር፤ ሳንነግርህ ቀረን» አልነው። ልጁ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፣ «መምህር፣ እኔም እኮ አይቼው ነበር» አለ፤ «ትርጉሙን ስላላወቅሁ እርስዎን ዞሬ አየሁ። እርስዎ ዝም ሲሉ ጊዜ ምንም አይደለም ብዬ ነው የገባሁት።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክመነዋል። ዝምታችን ባዶ ሥፍራ ይመስለን ነበር፤ ለካስ ወጣቱ እንደ ፈቃድ አድርጎ አንብቦታል። የጣናው ልጅ በማያውቀው ውኃ ውስጥ የዘለለው እኛ ልንከፍለው ይገባን የነበረውን ዕዳ ሊከፍል ነው። ስለዚህ በዚያ ማታ የሰጠነውን ፍርድ እናሻሽላለን። ልጁ ጥበብ ጎድሎት ነበር፤ ጥበቡ የነበረው ግን ከእኛ ዘንድ ነበር፤ አልሰጠነውም።

አሁን የጣናው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ የመዋኛ ገንዳ ይሄዳል፤ የዳርቻ ጠባቂዎች የሚማሩትን ለመማር ተመዝግቧል። የሊቢያው ልጅም አብሮት ሄዶ በጀርባ መንሳፈፍ ጀምሯል። እኛ በዚህ ዕድሜ ዋና ለመማር አንመኝም። ነገር ግን ከልጆቹ ጋራ ወደ ባሕር በወጣን ጊዜ ሁሉ፣ ዳቦው ከመቈረሱ በፊት፣ የሰንደቁን ቀለም ለሁሉ ጮኽ ብለን እንናገራለን። አንዳንዶቹ ይሥቁብናል፤ ይሣቁ።